የፋና ድልድይና የነሐሴ ሸክም

ሰው የጀመረውን መልካም ሥራ በመፈጸሙ ይመሰገናል፤ የገዛ ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ በሰው ፊት አውጥቶ ማረሙ ግን ከምስጋና በላይ የሆነ የነፍስ ጽናት ነው። ፋና ወልደጻድቅ ይህ ጽናት የተሰጣት ሴት ናት። የያዘችውን ነገር እውነቱ እስኪገለጥላት ድረስ አትለቅም፤ እውነቱ በእርሷ ላይ ሲመጣም ፊቷን አታዞርም።

የተወለደችው ሚዛን ተፈሪ ነው። አባቷ መሪጌታ ወልደጻድቅ በወጣትነታቸው ከጎጃም ወርደው በዚያው የቀሩ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ቁጣቸው ግን ቶሎ የሚበርድ ሊቅ ነበሩ። ከልጆቻቸው መካከል ፊደል ከቆጠረች ወዲህ ከብራናው አጠገብ አልርቅ ያለችው ፋና ናት። የብራና መጽሐፍ ገጹ በሁለት ዓምድ ይከፈላል፤ አንባቢውም አንዱን ዓምድ ከራሱ እስከ ግርጌው ከጨረሰ በኋላ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ፋና ይህን ሳታውቅ በመጀመሪያ ያነበበች ዕለት ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው አግድም እየዘለለች የጻድቁን ጸሎት ከወንበዴው ዛቻ ጋር አቀላቀለችው።

መሪጌታ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ «ልጄ፣ ጻድቁን መንገድ ላይ ሰው አስዘረፍሽው እኮ! ከላይ ወደ ታች ውረጂ፤ ዓምዱን ሳትጨርሺ ወደ ጎረቤት አትሻገሪ» አሏት።

እርሷ አልሳቀችም። ወደ ገጹ ራስ ተመልሳ፣ ጻድቁ ጻድቅ፣ ወንበዴውም ወንበዴ ሆነው እስኪለዩ ድረስ አነበበችው። አባቷ ይህን ነገር ለጎረቤት ሁሉ ሲያወሩ ኖረዋል፤ እርሷ ግን ትምህርት ቤት ገብታ፣ የኮምፒዩተር ሙያ ተምራ ስትመረቅ፣ የረሳችው መስሏት ነበር።

ከምርቃቷ በኋላ በቴፒ ሥራ ያዘች፤ የአገሩ ተወላጅ የሆነውን መምህር ታምሩንም አግብታ በዚያው ጎጆ ወጣች። የምትሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ አንድ አነስተኛ የቡና ጥናት ጣቢያ ነው። የጣቢያው ዓላማ ግልጽ ነበር። በአካባቢው የቡናን ፍሬ ገና በለጋነቱ የሚያጠቁር በሽታ ስላለ፣ ከስድስት ገበሬዎች ስድስት ዓይነት ቡና ተመርጦ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥርም ተሰጥቶት፣ የትኛው ዓይነት በሽታውን እንደሚቋቋም ይጠና ነበር። ፋናም ፍሬውን ከሚቆጥሩት ሠራተኞች ጋር በየወሩ ወደ ማሳው ትወጣለች። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ስድስት ወራት በየዛፉ ሥር ቆማ ጤነኛውን ፍሬና የጠቆረውን አስለይታ ታስቆጥራለች፤ ቢሮ ስትመለስም ቁጥሩን ወደ ኮምፒዩተር ታስገባለች።

በጣቢያው ሁለት የማይነጋገሩ ፕሮግራሞች ነበሩ። አንደኛው፣ ሕዝቅያስ የሚባል መምህር ወደ ሌላ አገር ከመሄዱ በፊት የጻፈው ነው። የዛፉን ዕድሜ፣ የጥላውን ብዛትና የቦታውን ከፍታ አመዛዝኖ ለእያንዳንዱ ወር የበሽታውን መጠን ያወጣል። የጻፈው ሊስፕ በሚባል፣ ነገርን ሁሉ በቅንፍ አቅፎ፣ ቅንፉንም በሌላ ቅንፍ አቅፎ በሚይዝ ቋንቋ ነው። ሁለተኛው፣ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ይትባረክ የሚሠሩበት «አር» የሚባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ነው። የመጨረሻው ፍርድ፣ ማለትም የትኛው ዓይነት ጠንካራ፣ የትኛው ደካማ እንደሆነ የሚወጣው በዚህኛው ነው።

ፋና አንድ ቀን፣ «ዶክተር፣ የሕዝቅያስን ፕሮግራም ከፍተውት ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አንድ ጊዜ ከፍቼው ነበር» አሉ ዶክተር ይትባረክ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ቅንፍ ሲከፈት፣ በላዩ ቅንፍ ሲከፈት፣ ደግሞ ሲከፈት… የከፈተው ሰው መጥቶ ይዝጋው ብዬ ተነሣሁ።»

ስለዚህም የሊስፑ ውጤት በዓይን እየታየ ወደ «አር» በእጅ ይገለበጥ ነበር። እጅ ደግሞ ይደክማል፤ ሦስት የነበረው ስምንት፣ ስምንት የነበረውም ሦስት ሆኖ ይገባል። ፋና ይህን ባየች ጊዜ፣ «ቁጥሩ በሰው ጣት ማለፉ ይቅር፤ አንዱ ፕሮግራም ለሌላው ራሱ ያቀብል» ብላ ተነሣች። ዶክተሩ፣ «እንዲያው ከምትደክሚ የሕዝቅያስን ሥራ በ«አር» እንደገና ብንጽፈውስ?» ቢሏት፣ «ሰውየው ዕድሜውን ያፈሰሰበትን ሕግ ሳናውቀው ብናፈርሰው፣ ያፈረስነውን እንኳ አናውቀውም» አለቻቸው። መብራት ሲጠፋ በወረቀት እየነደፈች፣ ሲመጣ እየሞከረች ድልድዩን ሠራችው። ድልድዩ ከሊስፕ በኩል የመጣውን ሰንጠረዥ ቅንፉን ያወልቅና ቁጥሮቹን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር ይሰካቸዋል፤ «ስድስት ረድፍ በስድስት ዓምድ» ብሎም ለ«አር» ያቀብላል። «አር» ክሩን ተቀብሎ ሰንጠረዡን መልሶ ይሠራና ያሰላል።

ፋና ያልፈተነችውን ነገር አታስረክብም። መጀመሪያ የአንድ ቡና ዓይነት ቁጥሮችን ለብቻቸው አሻገረች፤ ሳይዛነፉ ደረሱ። ቀጥላ ሙሉውን ሰንጠረዥ አሻግራ በሁለቱም በኩል ደመረችው፤ ድምሩ ያለ አንዳች ልዩነት አንድ ሆነ። ድምር ለድምር ሲመሰክር አይታ ልቧ አረፈ። ዶክተር ይትባረክም፣ «ከእንግዲህ ጣታችን ዐረፈ!» ብለው አመሰገኗት።

ውጤቱ በ2006 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ሳይፈታ ወጣ። ከሁሉ ጠንካራ የተባለው ቁጥር አንድ፣ ብዙ ማሳ ያላቸው የአቶ ዓባይነህ ቡና ነበር። ከሁሉ ደካማ የተባለው ደግሞ ቁጥር አራት፣ በሸኮ የሚኖሩት የአባባ ባምላኩ ቡና ሆነ። ዘር የሚመርጠው የጣቢያው ኮሚቴም ይህን በገበሬው ስብሰባ ላይ አስነግሮ ወሰነ፦ የቁጥር አንድ ዘር በችግኝ ጣቢያ እንዲባዛ፣ የቁጥር አራት ዛፎች ግን በሽታቸው ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ውሳኔው ጸድቆ እንዲነቀሉ። የአባባ ባምላኩ ቤት ከእነዚያ ዛፎች በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም።

ፋና ይህን ስትሰማ እህል መቅመስ አቃታት። በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ቆማ ያየችውን ታስታውሳለች፤ የሌሎቹ ፍሬ እንደ ከሰል ሲጠቁር የአባባ ባምላኩ ፍሬ አረንጓዴ ነበር። ወደ ዶክተሩ ገባች።

«ዶክተር፣ ይህ ውጤት ካየሁት ጋር አልገጠመልኝም።»

«ፋና፣ ዓይን የሚያየው አንድ ዛፍ ነው፤ ስሌት ግን ሁሉን ያያል።»

«እሺ፣ ዓይኔን እጠረጥራለሁ። ድልድዬንም ግን አብሬ ልጠርጥረው። እስከ ስብሰባው ጊዜ ይስጡኝ።»

ዶክተሩም፣ «ስሕተት ካገኘሽ የመጀመሪያው ሰሚ እኔ ልሁን» ብለው ፈቀዱላት።

መጀመሪያ የፈለገችው ስሕተቱ በሌለበት ነው። የመስኩን ቁጥር ከኮምፒዩተሩ ጋር አመሳከረች፤ ልክ ነው። የሕዝቅያስን ሕግ ቅንፍ በቅንፍ ፈታችው፤ እርሱም ልክ ነው። ድምሩን ዳግመኛ ደመረች፤ እንደ በፊቱ አንድ ነው። በሰሞነ ሕማማት ስግደቷን እየሰገደች፣ ሥራዋንም ሳትተው ሰነበተች። ከትንሣኤ በኋላ ግን ለታምሩ፣ «ዛፎቹን እንደገና ማየት አለብኝ» አለችው፤ እርሱም ከባልንጀራው ሞተር ተውሶ ወደ ሸኮ ይዟት ሄደ።

አባባ ባምላኩ ሽበታቸውን በአሮጌ ባርኔጣ ሸፍነው ከማሳቸው ዳር ተቀምጠው ነበር። ሞተሩ ሲቆም አልተነሡም።

«መጣችሁ?» አሉ። «መጥረቢያው የታል? ወይስ የእኔን ልትበደሩ ነው?»

«መጥረቢያ አልያዝንም፣ አባባ» አለች ፋና። «የቁጥር አራትን ዛፎች ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ቁጥር አራት የሚባል እዚህ የለም። እንግዳ ሆናችሁ ከመጣችሁ ግን ላስተዋውቃችሁ፤ ይቺ ሚርያም ናት» አሉና ጥላ ሥር የቆሙትን ዛፎች በእጃቸው አሳዩአት።

«ሚርያም?»

«እናቴ። በእኛ ቤት ቡናን ከጫካ ያወጣ ሰው ስሙን ይሰጠዋል። እናቴ የመጀመሪያዋን ችግኝ በኮባ ጠቅልላ፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ ነው ያመጣቻት። ያኛው ማዶ ያለው የአጎቴ ነው፤ እንደ አጎቴ ሰነፍ ስለሆነ አልሰጠኋችሁም።»

ታምሩ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«ቁጥር የሚሰጠው ለእስረኛ ነው፣ ልጄ። እናንተም ቁጥር ሰጣችኋት፤ ቀጥሎ ፈረዳችሁባት። በስሟ ብትጠሯት ኖሮ መንገድ ላይ አትጠፋባችሁም ነበር።»

ፋና በዛፎቹ መካከል ገብታ ቅርንጫፉን እየገለጠች ተመለከተች፤ ቡናው በሽታ እንዳደቀቀው ዛፍ አልመሰለም። ስትወጣ፣ «አባባ፣ እንደሚነቀል አልነግርዎትም፤ እንደማይነቀልም ቃል አልገባም። የጠፋችበትን መንገድ ግን አገኘዋለሁ» አለች።

«አንቺ ልጅ» አሉ አባባ ባምላኩ፣ አሁን ቆመው። «ሌሎቹ ‹አይዞህ› ብለውኝ ሄዱ። የአንቺ ይሻላል።»

በመመለሻው መንገድ ላይ የሽማግሌው ንግግር ከልቧ አልወጣ አለ። «በስሟ ብትጠሯት» የሚለው እንደ ተግሣጽ ተነግሮ ነበር፤ ለእርሷ ግን የሥራ ምክር ሆነላት። ቁጥር ከቁጥር ጋር ይመሳሰላል፤ ቦታውን ቢለቅም ማንም አያውቅበትም። ስም ግን ባልተጠራበት ቦታ ሲገኝ ወዲያው ይጋለጣል።

በማግሥቱ ጠዋት በሊስፑ ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጥሩን ሁሉ አንሥታ በምትኩ ስም አስገባች። ቁጥር አራት በነሐሴ በነበረበት «ሚርያም፣ ነሐሴ»፤ ቁጥር አንድ በግንቦት በነበረበት «ዓባይነህ፣ ግንቦት»፤ የቀሩትንም እንዲሁ ሞላች። በድልድዩ አሻግራም በ«አር» በኩል የደረሰውን ከፈተች።

በአራተኛው ረድፍ፣ የሚርያም ስድስት ወራት ተደርድረው ሊገኙ በሚገባበት ቦታ፣ ስድስት የተለያዩ ስሞች ተሰልፈዋል፤ የሁሉም ወር ግን አንድ ነው፤ ነሐሴ፣ ነሐሴ፣ ነሐሴ። በመጀመሪያው ረድፍ ደግሞ ስድስቱም ሰዎች ከነግንቦታቸው ቆመዋል።

ፋና ረድፎቹን በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበች። አባቷ የሳቁበት ያ የብራና ገጽ በፊቷ ተዘረጋ። ሊስፑ ሰንጠረዡን ክር ላይ ሲሰካ አግድም ይሄዳል፤ የአንዱን ቡና ወራት ሁሉ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። «አር» ግን ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው፣ የተቀበለውን ክር እንደ ብራና አንባቢ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሞላው፤ አንዱን ዓምድ ሳይጨርስ ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም። ስለዚህ ወሩ በቡናው ቦታ፣ ቡናውም በወሩ ቦታ ገባ። ቡናውም ስድስት ዓይነት፣ ወሩም ስድስት በመሆኑ ሰንጠረዡ ሳይጎድል ሳይተርፍ ሞላ። የጠፋ ወይም የተጨመረ ቁጥር ስለሌለም ድምሩ አልተናጋም። አንዱን ዓይነት ለብቻው ባሻገረች ጊዜ ደግሞ ረድፉ አንድ ብቻ ነበርና የሚሳሳትበት ስፍራ አልነበረውም። በሽታው በሚበረታበት በነሐሴ የስድስቱ ሰዎች ሸክም በሚርያም ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ፍሬው ገና ባልጠናበት በግንቦት የነበረው የስድስቱ ሰዎች ጤናም ለአቶ ዓባይነህ ተሰጠ።

እንዳሉትም የመጀመሪያው ሰሚ ዶክተር ይትባረክ ሆኑ። በኮምፒዩተሩ ማያ ላይ ያለውን ረድፍ ስም በስም አነበቡት።

«ከላይ ወደ ታች እንደሚሞላ በየዓመቱ አስተምራለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ድምሩ ገጠመ ስትዪኝ ግን ጠይቄ አላውቅም። ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም።» ቀጥለውም፣ «አሁን እዚሁ እናርመው፤ በስብሰባው ላይ አዲሱን ውጤት እናቅርብ። ምክንያቱን መዘርዘር ግድ ነው?» አሉ።

«ዶክተር፣ አባባ ባምላኩ የተፈረደባቸው በአደባባይ ነው። በጓዳ ነጻ ብናወጣቸው ማን ያምናቸዋል? ‹ዘመድ አግኝተው ነው› ይባላሉ። ድልድዩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ልናገር።»

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ አብረን እንቆማለን።»

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ሞላ። አባባ ባምላኩ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፋና ተነሥታ በቀላል ቃል የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ውጤቱ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም የእርሷ መሆኑን አልሸፈነችም። የታረመውንም ነገረቻቸው፦ ሚርያም ከስድስቱ ሁለተኛ ናት፤ የአቶ ዓባይነህ ቡና ግን ከደካሞቹ ወገን ሆኗል።

አቶ ዓባይነህ ከፊት ወንበር ተነሡ። «እህቴ፣ ቡናዬ ጾሙን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከርሞ ፍስኩ አሳመመው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ፋና ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። «አቶ ዓባይነህ፣ ቡናዎ አልተለወጠም። የተዛባው የእኔ ሥራ ነው። የስድስታችሁን ግንቦት ለእርስዎ ሰጥቼ፣ የስድስታችሁን ነሐሴ ለአባባ ባምላኩ አሸክሜአለሁ።»

«በግንቦትማ የእኔም ጤነኛ ነው!» አለ ከመካከል አንድ ሰው፤ ሳቁም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ።

አቶ ዓባይነህ ግን አልተቀመጡም። «አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ ብለሻል። ዛሬስ ላለመሳሳትሽ ምን ዋስትና አለን?»

ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር። ፋና ይህን ጠብቃ መጥታለች። «ዋስትናው እርስዎ ራስዎ ይሁኑ። የፈለጉትን ቡናና የፈለጉትን ወር ይጥሩ። እኔ ከሊስፑ በኩል፣ ዶክተር ከ«አር» በኩል እናነባለን። አንዱ እንኳ ከሌላው ቢለይ ውጤቴን ይጣሉት።»

«የእኔ፣ ነሐሴ!» አሉ አቶ ዓባይነህ አፍታም ሳይቆዩ። ከሁለቱ ወገን ተነበበ፤ አንድ ነው፤ ቁጥሩም ከባድ ነው። «የባምላኩ፣ ነሐሴ!» አንድ ነው፤ ቁጥሩም ቀላል ነው። ጥቅምትን ጠሩ፤ ሐምሌን ጠሩ፤ የሌሎችንም ጠሩ። ሁሉም በየስሙ ወጣ። በመጨረሻ ባርኔጣቸውን ከወንበሩ ላይ እያነሡ፣ «ያየሁትን አላየሁም አልልም። ዛፌን ሄጄ ልመልከት» ብለው ተቀመጡ።

ኮሚቴው የመንቀሉን ውሳኔ ሻረ፤ የአቶ ዓባይነህም ዘር እንደገና እስኪጠና ከመባዛት እንዲቆይ፣ አንደኛ የወጣው የሌላ ገበሬ ቡናና የሚርያም ዘር እንዲባዛ ወሰነ። አባባ ባምላኩ ሲወጡ በፋና አጠገብ አልፈው፣ ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ «መጥረቢያው እንግዲህ ለማገዶ ይዋል» አሏት።

ፋና ድልድዩን አፍርሳ ሠራችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቁጥር የቡናውን ስምና የወሩን ስም ሳይዝ አይሻገርም፤ የደረሰውም በቆመበት ቦታ ሳይሆን በስሙ ተጠርቶ ይገባል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥርም፣ «ድምር ምስክር ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። ሁሉ ተገኝቶም ሁሉ ያለ ቦታው ሊሆን ይችላል» ብላ ታስተምራለች። መሪጌታ ወልደጻድቅ ይህን ነገር በሰሙ ጊዜ እንደ ድሮው አልሳቁም። «ያን ጊዜ ጻድቁን ከወንበዴው የለየች ልጅ፣ ዛሬም ለየች» አሉና አማተቡ።

በዚያው ክረምት አባባ ባምላኩ አንዲት የሚርያም ችግኝ በኮባ ጠቅልለው ከቤታቸው ጓሮ ተከሉ፤ ለብቻዋም አጠሯት። ታምሩ በሚያልፍበት ጊዜ፣ «ይቺኛዋስ ለምን ተለየች?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ይቺ ፋና ትባላለች» አሉት።

«አባባ፣ ሚስቴ እኮ ከጫካ ያወጣችው ቡና የለም!»

«ከመጥረቢያ ያወጣም ከጫካ እንዳወጣ ይቆጠራል» አሉ ሽማግሌው። «ባይቆጠርም፣ ቤቱ የእኔ ነው።»

ዛፏ አፍርታለች፤ በስሟም ትጠራለች።

ስንዴውን ከእንክርዳድ የሚለይ አምላክ የፋናን ዓይን አያደብዝዝባት፤ የታምሩንና የእርሷን ጎጆ በሰላም ያጽናላቸው፤ ልጆቻቸውንም በየስማቸው ጠርቶ ይባርክላቸው። አሜን።